ቀለህ፣ ባሩድና ሦስት መቶ ያርድ

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ ድመት አለበት፤ ሌላ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ወደ ተራራው እንወጣለን። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተኮስኩት የሱቅ ጥይት ነበር። ዘንድሮ የራሴን እሞላለሁ ብዬ ፕሬስ (ጥይት መሙያ መጫኛ)፣ ዳይ (የቀለህ ቅርጽ ማውጫ) እና ሚዛን ገዛሁ። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ካለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ ከባለቤቴ የበርበሬ ጆንያ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት። ባሩዱ ግን ለብቻው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተቆልፎበታል።

ጠመንጃው ባለ ቦልት፣ ማለትም በእጅ የሚሳብ መዝጊያ ያለው፣ .308 ዊንቸስተር ነው። ካሊበሩ፣ ማለትም የጥይቱ ዓይነት፣ ለገበያ የወጣው በ1952 ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ግን ይሠራል። አረሩ 165 ግሬይን (አረርና ባሩድ የሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ)። ስኮፑ፣ ማለትም ማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ ተራ የአዳኝ ስኮፕ ነው። ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊ ሜትር።

የባሩዱን መጠን እዚህ በቁጥር አልጽፍም። መጠን 1፣ መጠን 2 እያልኩ እሄዳለሁ። ምክንያቱም ለእኔ ጠመንጃ ደህና የሆነ መጠን ለሌላው ጠመንጃ ብዙ ሊሆን ይችላል። የጀመርኩት ከአምራቹ መጽሐፍ መነሻ መጠን ነው። ከዚያ በ0.3 ግሬይን እየጨመርኩ እወጣለሁ። 0.3 ግሬይን ማለት 20 ሚሊ ግራም የማትሞላ ነገር ናት። ሚዛኑ ላይ አንዲት የባሩድ ፍሬ ስትወድቅ ቁጥሩ ሲንቀጠቀጥ ታያለህ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። የትኛው መጠን እንደሚሻል በስንት ያርድ ልፈትን?

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ወታደር ነበሩ፣ ዒላማ የተማሩት ኤም ዋን በሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ነው። «አንተ ልጅ፣ ቅርብ ላይ ማን ይስታል? ሩቅ ውሰደውና ጉዱ ይውጣ!» አሉኝ።

እውነት መሰለኝ። 300 ያርድ ይሁን አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

የተኩስ ሜዳው ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ ዛፍ የሚባል ነገር በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ንፋሱን የሚያቆመው የለም። ደረስን፣ ወረቀት ለጠፍን፣ ተመለስን። 300 ያርድ 274 ሜትር ነው። በእግር ስትሄደው ይረዝማል፣ በተለይ ለጋሼ ጉልበት።

አምስት መጠን፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጥይት ተኮስኩ። ውጤቱ፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት በኢንች፦ 4.6፣ 6.1፣ 2.8፣ 5.5፣ 4.9።

2.8! መጠን 3 አሸነፈ። ጋሼ ጀርባዬን መቱኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል «ሁለት ነጥብ ስምንት» ብያለሁ። ባለቤቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለእሷም አስረዳኋት። እራት እስኪቀርብ ድረስ ታገሠችኝ።

እሑድ፣ ጁን 15

ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ፤ ያው መጠን 3፣ ያው ርቀት፣ ያው ሦስት ጥይት። 5.9 ኢንች።

ደግሜ ተኮስኩ። 4.4።

ወረቀቱን አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩት። ለጋሼ አልደወልኩም።

ማክሰኞ፣ ጁን 17፣ ማታ

ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። መጀመሪያ መሥራት የነበረብኝን ማለቴ ነው።

መጠኑ ሲለወጥ በዋናነት የሚለወጠው ፍጥነት ነው። የእኔ አረር በሰከንድ 2,700 ጫማ አካባቢ ይወጣል። ሁለት ጥይቶች በ50 ጫማ ቢለያዩ 100 ያርድ ላይ የከፍታቸው ልዩነት 0.1 ኢንች ገደማ ነው። ማለትም በወረቀቱ ላይ አይታይም። 300 ላይ ግን ወደ 1 ኢንች ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ሩቅ ሲሄድ ጉዱ ይወጣል።

ችግሩ የንፋሱም ጉድ አብሮ መውጣቱ ነው። በሰዓት 3 ማይል የሚሆን የጎን ንፋስ፣ ፊትህን እንኳ በቅጡ የማይነካህ፣ 100 ላይ 0.2 ኢንች ያህል ይገፋል። 300 ላይ 2 ኢንች ይጠጋል። እዚህ ከፍታው ስላለና አየሩ ስለሚሳሳ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ያው ነው። ርቀቱ በሦስት ሲባዛ የፍጥነቱም ልዩነት የንፋሱም ግፊት በዘጠኝ ገደማ ይባዛል። ስለዚህ ርቆ መሄድ ከንፋሱ ጋር ባለው ፉክክር ምንም አልጠቀመኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ንፋስ የሚገፋው ወደ ጎን ነው። ፍጥነት የሚለውጠው ግን ከፍታን ነው። 300 ላይ የወረቀቱን ስፋት ሳይሆን ቁመቱን ብቻ ባነብ ንፋሱን ከሒሳብ ማውጣት እችላለሁ።

ደስ አለኝ። ወረቀቶቼን አውጥቼ እንደገና በማስመሪያ ለካሁ፣ አሁን ከላይ ወደ ታች ብቻ። 3.9፣ 5.2፣ 2.1፣ 4.8፣ 3.3። እሑድ የተኮስኳቸው ሁለቱ ደግሞ 5.0 እና 3.7።

አይሆንም። ይሄ ሁሉ ቁመት ከፍጥነት ሊመጣ አይችልም። 5 ኢንች ቁመት ለማግኘት ጥይቶቼ በ250 ጫማ መለያየት አለባቸው። እንዲህ አድርጌ እየሞላሁ ከሆነ ፕሬሱን ሸጬ ጤፍ ልግዛበት።

ቅዳሜ፣ ጁን 21

ወደ 100 ያርድ ተመለስኩ። አሁን ከእያንዳንዱ መጠን አምስት ጥይት። ሦስት ጥይት ዋሾ ነው፤ የገባኝ በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት ሆኖ አምስት ጥይት በአማካይ ከሦስት ጥይት በሩብ ያህል ይሰፋል። አሥር ጥይት ደግሞ ከሦስቱ በ1.6 እጥፍ ገደማ። ስለዚህ አንድ ሰው በሦስት ጥይት ያገኘውን ትንሽ ቀዳዳ ፎቶ አንስቶ ሲያሳይህ «አሥር አድርገውና አሳየኝ» በለው።

ውጤት፦ 1.3፣ 1.1፣ 1.4፣ 1.2፣ 1.2።

ይሄ ምን ይነግረኛል? ምንም። አምስቱም አንድ ናቸው። ስኮፑ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል መስመር ራሱ ዒላማዬን ይሸፍነው ነበር። በ9 እጥፍ፣ ግማሽ ኢንች ክብ ነጥብ ላይ፣ መሃሉን ነው የያዝኩት ወይስ ዳሩን? እንጃ።

ያም ሆኖ ጠመንጃው 1.2 ኢንች የሚመታ ከሆነ 300 ላይ 3.6 መሆን ነበረበት፣ ንፋሱን ጨምሮም ትንሽ ቢበልጥ። 6.1 ከየት መጣ? ቁመቱስ?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

ተገኘ።

ዛሬ ጥይት አልተኮስኩም ማለት ይቻላል። የሜዳው ተቆጣጣሪ «ተኩስ አቁም» ብሎ ሰዎች ወረቀት ሊቀይሩ ሲወርዱ ከጠረጴዛው ራቅ ብለን ቆምን። ከአጠገቤ የነበረ አንድ ጡረተኛ ወረቀቴን በረጅም መነጽሩ ሲያይ ቆይቶ ነበርና «ጉንጭህን የት ነው የምታሳርፈው?» አለኝ። እኔ እንጃ፣ ሰደፉ ላይ። «ሁልጊዜ አንድ ቦታ?»

መስመሩ ሲከፈት አሳየኝ። ቦልቱን አስወጣኝ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢቶቹ መሃል አስቀምጦ መስቀሉን 300 ያርድ ላይ ያለው ጥቁር ካሬ ላይ አሳረፈው። «አሁን ጠመንጃውን ሳትነካ እይ። ጭንቅላትህን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አድርግ» አለኝ።

አየሁ። ጭንቅላቴን ከፍ ሳደርግ መስቀሉ ካሬውን ለቆ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ዝቅ ስል ወደ ሌላው ሄደ። ጠመንጃው ንቅንቅ አላለም። እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። መስቀሉ ግን ሁለት ኢንች ያህል ይንሸራሸራል።

ይሄ ፓራላክስ ይባላል። ስሙን ሰምቼው አውቃለሁ፣ ግን የውድ ስኮፕ ሰዎች ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። ለማያውቅ እንዲህ ልበል። ታክሲ ስነዳ ከጎኔ የተቀመጠ ተሳፋሪ የፍጥነት መለኪያዬን አይቶ ሌላ ቁጥር ያነባል። መርፌውና ቁጥሮቹ አንድ ላይ አልተጣበቁም፣ በመካከላቸው ክፍተት አለ፣ እሱ ደግሞ ከጎን ነው የሚያየው። ስኮፕ ውስጥም መስቀሉና የዒላማው ምስል አንድ ቦታ ላይ ካላረፉ እንደ መርፌውና ቁጥሩ ይሆናሉ። ዓይንህ መሃል ላይ ከሆነ ችግር የለም። ከመሃል ከወጣ ግን ስኮፑ ይዋሽሃል።

ተራ የአዳኝ ስኮፖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚስተካከሉት 100 ያርድ ላይ እንዲገጥሙ ነው። የእኔም እንደዚያው ነው። ለትንሽ ካሊበር ጠመንጃ የሚሠሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ 50 ላይ። ማታ ቤት ገብቼ ሒሳቡን አየሁ። ባለ 40 ሚሊ ሜትር መስተዋት፣ 100 ላይ የተስተካከለ ስኮፕ፣ 200 ያርድ ላይ በከፋ ሁኔታ 20 ሚሊ ሜትር ይስታል። 300 ላይ 40 ሚሊ ሜትር፣ ከኢንች ተኩል በላይ። ያውም ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ አንዱን ጥይት ከላይ ሌላውን ከታች ካየሁ እጥፉ ይሆናል።

የሚያናድደው ይሄ ነው። እኔ ከንፋሱ ላመልጥ ብዬ ቁመቱን ብቻ ማንበብ መረጥኩ። ጉንጭ ደግሞ ሰደፍ ላይ በብዛት የሚለዋወጠው በቁመት ነው። አንዴ ጫን ትላለህ፣ አንዴ አንገትህን ቀና ታደርጋለህ። ስለዚህ ንጹሕ ነው ብዬ የያዝኩት መስመር ስኮፑ የሚያበላሸው መስመር ሆኖ ተገኘ። 100 ላይ ደግሞ ስኮፑ አይዋሽም፣ የፍጥነት ልዩነት ግን አይታይም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ጡረተኛው ስኮፑን አዋሰኝ። እስከ 25 እጥፍ ያቀርባል። በግራ በኩል ፓራላክስ ማስተካከያ መዘውር አለው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ስጋ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማያውቁት ሰው ማዋስ... እኔ መኪናዬን ለወንድሜ አላውስም።

ሁለት ነገር ተማርኩ።

መዘውሩ ላይ 300 የሚል ጽሑፍ አለ። 300 ላይ አድርጌ ጭንቅላቴን ሳወዛውዝ መስቀሉ አሁንም ትንሽ ተንሸራተተ። ቁጥሩ ግምት ነው። ትክክለኛው ቦታ ጭንቅላትህን እያወዛወዝክ መስቀሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። እኔ ዘንድ 300 እና 350 መካከል ላይ ሆነ። በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት፣ ከዚያ የእኔ እንዳልሆነ ትዝ ብሎኝ አጠፋሁት።

ሁለተኛው፦ 25 እጥፍ ብዙ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ምድሩ ሲሞቅ ወረቀቱ መዋኘት ጀመረ። ከጋለ ምጣድ በላይ እንዳለው አየር። ካሬው አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ ዳሩ ይቀልጣል። ወደ 14 እጥፍ ስመልሰው ውዥንብሩ አልጠፋም፣ ግን አላየውም፤ መሃሉን መገመት ቻልኩ። አሥር ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ የራሱ የጠመንጃው በርሜል ሙቀት በስኮፑ ፊት ይጨሳል። ለእሱ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ሰፊ የሱሪ ላስቲክ ከስኮፑ ሥር እስከ አፈሙዙ አካባቢ በርሜሉ ላይ መወጠር። ሙቀቱ ወደ ጎን ይወጣል። ጋሼ አይተው «አሁን ደግሞ ጠመንጃውን ቀበቶ አሰርክለት?» አሉ።

ዒላማውንም ቀየርኩ። ክብ ነጥብ ትቼ ጥቁር ካሬ አተምኩ፣ ለ100 ያርድ አንድ ኢንች፣ ለ300 ሦስት ኢንች። መስቀሉን የማሳርፈው መሃሉ ላይ ሳይሆን የካሬው ጥግ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ዓይን አይሳሳትም። በ9 እጥፍም ይሠራል። ዛሬ ካገኘሁት ሁሉ ርካሹና ምርጡ ይሄ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ሜዳው ሲከፈት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደረስን። ንፋስ የለም። ባንዲራው እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠልጥሏል።

ዛሬ መሰላል የሚሉትን ሙከራ አደረግኩ። ክሬይተን ኦዴት የተባለ አሜሪካዊ ዒላማ ተኳሽ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። አሥር ጥይት ትሞላለህ፣ እያንዳንዱ ከበፊቱ በ0.3 ግሬይን ከፍ ያለ። ሁሉንም አንድ ዒላማ ላይ፣ ሩቅ ላይ ትተኩሳለህ። ባሩዱ ሲጨምር ጥይቱ ወረቀቱ ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። ሁለት ሦስት ጥይቶች አንድ ከፍታ ላይ ከቆሙ፣ እዚያ መጠን አካባቢ ትንሽ ስሕተት አይጎዳህም ማለት ነው ይላሉ።

የአረሮቹን ጫፍ በተለያየ ቀለም ማርከር ቀባሁ፣ ቀዳዳው ዳር ላይ ቀለሙ እንዲታየኝ። የወንድሜን ልጅ ማርከሮች ነው የወሰድኩት።

9ኛዋ ላይ ቦልቱ ሲነሳ ከበድ አለኝ። ጋሼ ድምፁን ሰሙት። «ምንድነው?» ቀለሁን አውጥቼ አየሁት። የፕራይመሩ፣ ማለትም ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው የባሩዱ ማቀጣጠያ፣ ጠርዝ ተዘርግቶ ተለጥጧል። ይሄ ግፊት በዛ ማለት ነው። እዚያው አቆምኩ። 10ኛዋ ሳትተኮስ ወደ ቤት ተመለሰች። ማታ በአረር መንቀያ መዶሻ ሲሚንቶው ላይ ሦስት ጊዜ መታሁና አረሩ ለብቻ፣ ባሩዱ ለብቻ ወጣ። መጽሐፉ ለዚያ መጠን ገና ቦታ ነበረው። የእኔ ጠመንጃ ግን በቃኝ አለ። መስማት ያለብህ ጠመንጃውን ነው።

ወረቀቱን ስናይ 4፣ 5 እና 6ኛው ጥይት አንድ ከፍታ ላይ ናቸው። ጥሩ!

እሑድ፣ ጁላይ 27

ያንኑ መሰላል ደገምኩ፤ እስከ 8 ብቻ። ዛሬ አንድ ከፍታ ላይ የቆሙት 2፣ 3 እና 7 ናቸው። 5ኛው ከሁሉም በታች ወደቀ።

ስቄ ወረቀቱን አጠፍኩት። አሁን ማልቀስ ትቻለሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተኩሼ ነው የማስበው መሰለኝ። በእኔ ጠመንጃ 0.3 ግሬይን ከ15 እስከ 20 ጫማ ፍጥነት ይጨምራል። አሥሩም ደረጃ ቢደመር 300 ያርድ ላይ የመሰላሉ ጠቅላላ ቁመት 3 ኢንች ተኩል ገደማ ነው። ጠመንጃው በራሱ የሚበትነውስ? 3.6። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጥይት ተኩሼ፣ ከመሰላሉ በሚበልጥ መንቀጥቀጥ ውስጥ ደረጃ እፈልጋለሁ። በጨረቃ ላይ ፊት ማየት ነው። ኦዴትን አልወቅስም። ሩብ ኢንች የሚመታ ከባድ የዒላማ ጠመንጃ ላለው ሰው መሰላሉ ይታያል። የእኔ ቀጭን በርሜል ያለው የተራራ ጠመንጃ ነው።

ጋሼ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር ተናገሩ። «እኛ መጀመሪያ ጠመንጃው የት እንደሚመታ ነበር የምናውቀው። ጥይቱን ማንም አይመርጥም፤ የሰጡህን ነው።»

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

ፍጥነት ከወረቀት ቁመት ላይ መገመት ትቼ በቀጥታ ለካሁት። ትንሽ ራዳር ተከራየሁ። ሳጥኑ ከስልክ ብዙም አይበልጥም፣ ከጠመንጃው ጎን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ጥይቱ ሲወጣ ቁጥር ይጽፋል። ይሄ ዕቃ ካለ 300 ያርድ ሄጄ ፍጥነት የምፈልግበት ምክንያት የለም። ሩቅ የሚኬድበት ዋናው ምክንያት ወረቀቱ ላይ ፍጥነትን ለማየት ነበርና።

ስለዚህ 100 ያርድ። የተዋስኩት ስኮፕ፣ 14 እጥፍ፣ ፓራላክሱ በጭንቅላት ውዝዋዜ የተስተካከለ። ሦስት መጠን ብቻ፦ 4፣ 5፣ 6። ከእያንዳንዱ አሥር ጥይት። አሥሩን በተከታታይ አልተኮስኩም። አንድ ከ4፣ አንድ ከ5፣ አንድ ከ6፣ ከዚያ እንደገና፣ በሦስት ካሬ ላይ እያዞርኩ። በርሜሉ ቢሞቅ፣ ንፋሱ ቢቀየር፣ እኔ ብደክም ለሦስቱም እኩል ይደርሳቸዋል።

በየሦስት ዙሩ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ጋሼ ፔርሙዝ ሻይ ይዘው ነበር። ሠላሳ ጥይት ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ወረቀቱ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። መጠን 4፦ 1.7 ኢንች። መጠን 5፦ 1.6። መጠን 6፦ 1.8። በወረቀት ሦስቱ እኩል ናቸው፤ በ0.1 ኢንች ልዩነት አልታለልም ከእንግዲህ። በፍጥነት ግን መጠን 5 ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው 38 ጫማ ብቻ ተለያየ፣ መጠን 6 ደግሞ 61። ይሄም አሥር ጥይት ብቻ ነው፣ አልምልበትም። ግን መምረጥ ካለብኝ 5ን መረጥኩ። ቦልቱ ከከበደበት መጠንም በአራት ደረጃ ይርቃል። ለእኔ ከ38 ጫማው ይልቅ ይሄ ይበልጣል። ኦገስት ላይ የሞቀ ቀንም ሆነ ኦክቶበር ላይ የቀዘቀዘ ጠዋት ግፊቱ አያሳስበኝም።

38 ጫማ 300 ያርድ ላይ ስንት ነው? ሦስት አራተኛ ኢንች። የኤልክ ደረት ላይ ማንም አያየውም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23

ስኮፑን ከአንድ ሙሉ ዶሮ ወጥ ጋር መለስኩ። ጡረተኛው ወጡን ከፍቶ አሸተተና ስኮፑን ሳያይ መኪናው ውስጥ ወረወረው።

አሁን ወደ ራሴ 3-9 ተመለስኩ፣ ተራራ የምወጣው በእሱ ነውና። ከፈተና ስኮፕ የሚፈለገውና ከአደን ስኮፕ የሚፈለገው አንድ አይደለም። ለፈተና ማጉላት፣ ቀጭን መስቀልና የፓራላክስ መዘውር ያስፈልጋል። ለአደን ቀላል መሆን፣ ጎህ ሲቀድ ብርሃን ማስገባትና ሰፊ ሜዳ ማሳየት። 25 እጥፍ ያለው ስኮፕ ጫካ ውስጥ የኤልክ ጆሮ ያሳይህና የየትኛው ኤልክ እንደሆነ አይነግርህም።

የፓራላክሱን ነገር በሁለት መንገድ ያዝኩት። አንደኛው ጥላ ነው። ዓይን ከመሃል ሲወጣ በስኮፑ ዳር የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ይመጣል። ጥላው ዙሪያውን እኩል ቀጭን እስኪሆን ጭንቅላቴን አስተካክልና እተኩሳለሁ። ሁለተኛው ጉንጭ ነው። ሰደፉ ላይ የዮጋ ምንጣፍ ቁራጭ ሁለት ድርብ አድርጌ በፕላስተር ጠቀለልኩ። አስቀያሚ ነው። ግን ጉንጬ ሲያርፍ ዓይኔ ሳይፈልግ መሃል ላይ ይገባል።

300 ያርድ፣ ጠዋት፣ መጠን 5፣ አሥር ጥይት፣ 9 እጥፍ፣ የካሬው ጥግ። 5.1 ኢንች ስፋት፣ 4.2 ቁመት። ጁን ላይ ይሄንን በሦስት ጥይት አልፌው ነበር። አሁን አሥር ጥይት ነው፣ በገዛ ስኮፔ።

ለአደን ገደቤን 250 ያርድ አደረግኩ። ሜዳ ላይ የአሸዋ ከረጢት የለም፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ጋሼ «200 በል» አሉ። ተከራከርን። 200 አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ከእንቁጣጣሽ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ። ሆዴ ገና ከባድ ነው።

አርባ ጥይት ከመጠን 5 ሞልቻለሁ። ከመሙላቴ በፊት ሁሉንም ቀለህ ለካሁ፣ ሁለቱ ረዝመው ስላገኘኋቸው ቆረጥኳቸው። ዛሬ ያረጋገጥኩት 100፣ 200 እና 300 ላይ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው። ከየርቀቱ አምስት። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ሰደፉ ላይ፣ ምንጣፉ አጠገብ ለጠፍኩት።

ጋሼ «እስቲ አንዴ እኔም ልሞክረው» አሉ። ከሙሌቱ ጀምሮ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ተቀመጡ፣ ትከሻቸውን አስተካከሉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ ቃታውን ሳይነኩ ቀና አሉ።

«ምንም አይታየኝም፣ ጥቁር ነው።»

«ጋሼ፣ ጉንጭዎን ጫን ያድርጉ።»

«አድርጌያለሁ! ይሄ ትራስህ ነው ሰማይ ያሳየኝ።»

ለእኔ ፊት የተቆረጠ ነው። የእሳቸው ፊት አጭር ነው። ቢላዋዬን አወጣሁና ፕላስተሩን መቅደድ ጀመርኩ። ዛሬ የለካሁት ቁጥር ሁሉ እንደገና መለካት እንዳለበት እያወቅኩ።